የሳይነስ ቀዶ ሕክምና፦ ምን ይመልሳል፣ ምን አይመልስም?

ጎንደር ውስጥ «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። በጥቅምት ብርድ ግንባሩን የወጋው፣ በበጋው አቧራ አፍንጫው የታፈነ፣ ጠዋት ሲነሳ ጉሮሮው ላይ አክታ የሚያስቸግረው፣ ራሱን ሲያመው ዓይኑ የሚከብደው ሁሉ ለሕመሙ የሚሰጠው ስም አንድ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ስም ላይ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፦ ኦፕራሲዮን መሆን ይሻላል ወይስ ይቅር? በአንድ ወገን ቀዶ ሕክምናው ሳይነስን «ከሥሩ ነቅሎ ይጥላል» የሚል ተስፋ ይነገራል። በሌላ ወገን «አፍንጫ አንዴ ከተነካ አይድንም፣ ተመልሶ ይመጣል» የሚል ማስፈራሪያ አለ። ብዙ ታማሚ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዓመታት ያልፉታል።

ሁለቱም አባባሎች የሚሳሳቱት ሕክምናው ለምን እንደተፈጠረና ውጤቱ በምን እንደሚለካ ስለማይነግሩ ነው። ጉዳዩ የሚጀምረው ግን ከቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከስሙ ነው።

ብዙ ሕመም በአንድ ስም

ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለም፤ የሰውነት ክፍል ስም ነው። በግንባር፣ በጉንጭ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ ወደ ኋላ ጠለቅ ብሎ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ የሚገኙ፣ አየር የሞላባቸው አራት ጥንድ ክፍተቶች ሳይነስ ይባላሉ። በሽታው የእነዚህ ክፍተቶችና የአፍንጫ የውስጥ ልባስ መቆጣት ነው። ሐኪሞች ሳይነሳይተስ፣ አፍንጫንም የሚጨምር በመሆኑ ራይኖሳይነሳይተስ ይሉታል። ጉንፋንን ተከትሎ መጥቶ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚሄደው አጣዳፊው ዓይነት ነው። ሥር የሰደደ የሚባለው ምልክቶቹ ለ12 ሳምንታትና ከዚያ በላይ ሲቆዩ ነው።

ምልክቶቹም የተወሰኑ ናቸው፦ የአፍንጫ መታፈን፣ ወደ ፊት የሚፈስ ወይም ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ፈሳሽ፣ የፊት ሕመም ወይም ክብደት፣ የማሽተት መቀነስ ወይም መጥፋት። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው፤ ከሁለቱም አንዱ የግድ መታፈን ወይም ፈሳሽ መሆን አለበት። ይህም ብቻውን አይበቃም። በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ብርሃን ባለው ቀጭን መመልከቻ፣ ወይም በሲቲ ስካን ምርመራ በሽታው በዓይን መታየት ይኖርበታል።

ይህን መስፈርት ያስቀመጡት ሐኪሞች ያለ ምክንያት አልተጠነቀቁም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት» አለብን የሚሉ ወይም ሐኪም እንደዚያ ያላቸውን 2,991 ሰዎች መርምሮ ነበር። ከመካከላቸው 88 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው የማይግሬን ወይም ለማይግሬን የቀረበ ራስ ምታት መስፈርት የሚያሟላ ሆኖ ተገኘ። ማይግሬንም ግንባርና ጉንጭን ይወጋል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ አንዳንዴ አፍንጫ ያፍናል፤ ስለዚህ ስህተቱ የታማሚው ጥፋት አይደለም። ይሁን እንጂ ዋና ችግሩ ማይግሬን የሆነን ሰው ሳይነሱን መክፈት ገንዘቡንም ድካሙንም በከንቱ ማፍሰስ ነው። «ኦፕራሲዮን ሆኜ ምንም አልተሻለኝም» ከሚሉት አንዳንዶቹ መጀመሪያውኑ ሳይነሳቸውን ያልታመሙ መሆናቸው አያስገርምም።

«የአፍንጫ ስጋ» የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ያደናግራል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲል በበሽታ ምክንያት የሚበቅለውን፣ የወይን ዘለላ የመሰለ ለስላሳ እብጠት ማለቱ ነው፤ ሐኪሞች ፖሊፕ የሚሉት ይህን ነው። ሌላው ደግሞ ማንም ሰው በተፈጥሮ አፍንጫው ውስጥ ያለውን፣ አየር የሚያሞቀውን እጥፋት በመስታወት አይቶ «ስጋ በቀለብኝ» ይላል። የመጀመሪያው ሕክምና ይፈልጋል። ሁለተኛው በአለርጂ አብጦ ካላስቸገረ በቀር ባለቤቱ ሊተወው የሚገባ የገዛ አካሉ ነው።

ጠባብ በሮች

እያንዳንዱ ክፍተት ወደ አፍንጫ የሚከፈት ጠባብ በር አለው። ውስጡን የሸፈነው ልባስ ቀን ከሌት ስስ ንፍጥ ያመነጫል። በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታዩ ጸጉሮችም ያንን ንፍጥ፣ የያዘውን አቧራና ጀርም ጨምረው፣ ወደ በሩ ይጠርጉታል። የጉንጩ ክፍተት በር ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ ጸጉሮቹ ንፍጡን የሚገፉት ሽቅብ ነው። ልባሱ በአለርጂ፣ በጭስ፣ በተደጋጋሚ ጉንፋን ወይም ሰውነት በራሱ በሚያስነሳው ብግነት (መቆጣት) ሲያብጥ በሩ ይዘጋል። ንፍጡ ይጠራቀማል፣ ይወፍራል፣ ጸጉሮቹ ይዝላሉ፤ ይህም እብጠቱን መልሶ ያባብሰዋል።

የቀድሞው ቀዶ ሕክምና ይህን አሠራር አያውቀውም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ጆርጅ ካልድዌልና ፈረንሳዊው አንሪ ሉክ በየፊናቸው ያስተዋወቁት ዘዴ ከላይኛው ከንፈር ሥር ድድን ቀድዶ፣ የጉንጭ አጥንት ፈልፍሎ፣ የታመመውን ልባስ ጠራርጎ ማውጣት ነበር። ለፈሳሹም ወደ ታች አዲስ ቀዳዳ ይበጅለታል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ቫልተር ሜሰርክሊንገር በኢንዶስኮፕ ሲመለከት ያስተዋለው ነገር ሐሳቡን ገለበጠው፦ ከታች ሰፊ ቀዳዳ ቢኖርም ጸጉሮቹ ንፍጡን የሚወስዱት ወደ ተፈጥሮ በሩ ነው። እንግዲህ መከፈት ያለበት ያ በር ነው። ሥራው በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተስፋፍቶ ዛሬ በኢንዶስኮፕ የሚደረገው የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ሆነ። በሽተኛው በሰመመን ይተኛል፤ መሣሪያው በአፍንጫ ቀዳዳ ይገባል፤ ፊት ላይ ጠባሳ አይቀርም።

ይህ ቀዶ ሕክምና ጭስ የሞላውን ማድ ቤት መስኮት እንደማስፋት ነው። ጭሱ መውጫ ያገኛል፣ ዓይን ይገልጣል፤ ምድጃው ግን እንደነደደ ነው። በሽታውን የሚያነደው ብግነት በቢላ አይወጣም። መስኮቱ መስፋቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቀድሞ በሩ ላይ ይቀር የነበረው ማጠቢያ ጨው ውሃና የሚነፋው መድኃኒት አሁን ወደ ውስጥ ዘልቆ ይደርሳል። ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ ተፎካካሪ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ ናቸው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙ የሚወስደው ነገር

ሥር የሰደደ ሳይነሳይተስ አይገድልም ማለት ይቻላል። ስለማይገድልም ቤተሰብም፣ አሠሪም፣ አንዳንዴ ሐኪምም ያቃልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ግሊክሊክና ሜትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ለሌሎች በሽታዎች የሚያገለግል አጠቃላይ የጤና መጠይቅ ለሳይነስ ሕሙማን አቀረቡ። በሰውነት ሕመምና በማኅበራዊ ኑሮ ረገድ እነዚህ ሕሙማን የልብ ድካምና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ካለባቸው ሰዎች የባሰ ውጤት አስመዘገቡ። ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር፤ አብሮት ለኖረ ሰው ግን አዲስ ነገር አልነበረም።

አፍንጫው የታፈነ ሰው አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ሌሊቱን ይገላበጣል፣ ሲነጋ ሳያርፍ ይነሳል። ተማሪ ከሆነ ትምህርቱ አይገባውም፤ ነጋዴ ከሆነ ደንበኛውን ይቆጣል። ማሽተት የጠፋባት እናት ወጡ ሲያር አታውቅም፤ የተበላሸውን ምግብ ከደህናው አትለይም። ቡና ሲቆላ ሁሉም «እሰይ» ሲል እርሷ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ይህ ለሐኪም በሁለት ቃል የሚነገር ምልክት ነው፤ ለባለቤቱ ግን የኑሮ ጣዕም ነው።

ይህን ለመለካት በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት መጠይቅ ስኖት-22 ይባላል። ስለ አፍንጫ፣ ስለ ጆሮና ፊት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ስሜት 22 ጥያቄዎች አሉት። ታማሚው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል፤ ጠቅላላው ከ0 እስከ 110 ይደርሳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ሕመሙ የከፋ ነው። ጤነኛ ሰው በአማካይ ከ10 በታች ያገኛል። ታማሚው ራሱ «ተሻለኝ» ብሎ የሚያስተውለው ለውጥ 9 ነጥብ ገደማ ነው። መጠይቁ ያስፈለገበት ምክንያት አለ፦ የሲቲ ስካን ምስልና የታማሚው ስቃይ አብረው አይሄዱም። ምስሉ ከባድ በሽታ የሚያሳይ ሰው ደህና ሊኖር፣ ምስሉ ቀለል ያለ ሰው እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል።

ጥናቶቹ የሚከራከሩበት

በእንግሊዝና ዌልስ 3,128 ሕሙማንን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በፊት አማካይ የስኖት-22 ውጤታቸው 42 እንደነበር መዘገበ። ከ3 ወር በኋላ ወደ 25.5 ወረደ። ከ5 ዓመት በኋላ 28.2 ነበር። መሻሻሉ አብዛኛውን ቆይቷል ማለት ነው። ይሁንና 5ኛው ዓመት ላይ መጠይቁን የመለሱት ሁሉም ስላልነበሩ፣ የሚነጻጸርበት ቀዶ ሕክምና ያላደረገ ቡድንም ስላልነበረ፣ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ መውሰድ አይገባም።

ጠንካራው ክርክር የመጣው በኋላ ነው። በኔዘርላንድስ ፖሊፕ ያለባቸውን 238 አዋቂዎች በዕጣ ለሁለት የከፈለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና ያገኙት በልጠው ተገኙ፤ ልዩነቱ ግን 5 ነጥብ ገደማ ብቻ ስለነበር ታማሚው ከሚያስተውለው ያነሰ ነው። ይህን ይዘው «ታዲያ ቢላው ለምን?» ያሉ ሐኪሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነው የብሪታንያው ማክሮ ጥናት ደግሞ ከ500 በላይ ታካሚዎችን፣ ፖሊፕ ያለባቸውንም የሌለባቸውንም፣ በዕጣ ለሦስት ከፈለ፦ ቀዶ ሕክምና፣ ለ3 ወር የሚወሰድ ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ፣ መድኃኒት የሌለበት እንክብል። ሁሉም የአፍንጫ ማጠቢያና ብግነት የሚያስታግስ የስቴሮይድ መንፊያ ይጠቀሙ ነበር። በ6ኛው ወር ቀዶ ሕክምናው በግልጽ በለጠ። አንቲባዮቲኩ ከባዶው እንክብል አልተሻለም።

ሁለቱን ጥናቶች እንደ ተጣሉ ምስክሮች ማየት ስህተት ይመስለኛል። ለተለያዩ ሕሙማን የቀረቡ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱንም የሚያስታርቅ አንድ ግኝት ከሌሎች ጥናቶች ይገኛል፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስኖት-22 ውጤታቸው ከ30 በላይ የሆነ ሕሙማን የሚያስተውሉት መሻሻል የማግኘት ዕድላቸው ከ70 በመቶ ይበልጣል። ከ20 በታች ሆነው የገቡት ግን እምብዛም አይጠቀሙም። እንግዲህ «ቀዶ ሕክምናው ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ለማን?» ካልተባለ መልስ የለውም።

ስለ አንቲባዮቲክ የተገኘው ውጤት ለእኛ የተለየ ክብደት አለው። አፍንጫ በታፈነ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። ሥር የሰደደው በሽታ በአብዛኛው የብግነት እንጂ የጀርም በሽታ ስላልሆነ ክኒኑ በሽታውን ሳይነካ ጀርሙን ያለማምደዋል።

«ተመልሶ ይመጣል» የሚባለው

ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፣ ጎደሎ ነው። በእንግሊዙ ጥናት በ5 ዓመት ውስጥ ከአምስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ፖሊፕ ያለባቸውን ብቻ የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በ18 ወር ውስጥ በ40 በመቶዎቹ ላይ ፖሊፑ ተመልሶ መታየቱን ዘግቧል። ፖሊፑ በመመልከቻ መታየቱና ስቃዩ መመለሱ ግን አንድ አይደሉም። ትንሽ ፖሊፕ ይዞ ዓመታት በሰላም የሚተኛ ሰው አለ።

በቶሎ የሚመለስባቸው ሰዎችም በግምት ይታወቃሉ፦ አስም ያለባቸው፣ ትምባሆ የሚያጨሱ፣ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች ትንፋሻቸውን የሚያጥሩባቸው። የመጨረሻዎቹ ይህን ለማንኛውም ሐኪምና መርፌ ወጊ አስቀድመው መናገር አለባቸው፤ ጉዳዩ ከአፍንጫ አልፎ የሕይወት ነው። ማሽተትን በተመለከተም ተስፋውን መጥኖ መያዝ ይገባል። መታፈኑና እንቅልፉ በተሻለ ሁኔታ ይመለሳሉ፤ ማሽተት ግን ለአንዳንዱ ሙሉ በሙሉ፣ ለአንዳንዱ በከፊል፣ ለአንዳንዱም ጨርሶ ላይመለስ ይችላል።

በሀብታም አገሮች ፖሊፕ ለሚመላለስባቸው እንደ ዱፒሉማብ ያሉ ብግነቱን ከምንጩ የሚያግዱ መርፌዎች ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መጥተዋል። ዋጋቸው ለእኛ አገር ታማሚ የሚታሰብ አይደለም።

ከጎንደር ሲታይ

እነዚህ ሁሉ ጥናቶች የተሠሩት ታማሚው ከሆስፒታሉ በአጭር ጉዞ በሚኖርባቸው አገሮች ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከአንገት በላይ ሕክምና ፍለጋ የሚመጣው ግን ከከተማው ብቻ አይደለም፤ ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከጃናሞራ፣ ከመተማም ነው። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቀን ያልቃል። ውጤቱን የሚወስነው ግን ቀጥሎ ያለው ጊዜ ነው፦ ቁስሉ ላይ የሚጋገረው ደምና ንፍጥ በክትትል መጽዳት፣ አፍንጫው በየቀኑ መታጠብ፣ መንፊያው ለወራት፣ ፖሊፕ ላለበት ደግሞ ለዓመታት አለመቋረጥ አለበት። መንገድ ሲዘጋ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ሲያጥር፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ጠፍቶ ከውጭ ግዛ ሲባል የሚቀረው ይህ ነው። ከዚያም ውጤቱ ሲበላሽ ስሙ የሚጠፋው የቀዶ ሕክምናው ነው።

ጭሱም ያው ነው። በኩበትና በማገዶ እንጀራ የምትጋግር፣ ቀኑን ሙሉ ከሰል ላይ የምታፈላ ሴት ሳይነሷ ተከፍቶላት ወደዚያው ምድጃ ብትመለስ የጠራጊ ጸጉሮቿ ጠላት እንዳለ ነው። የማድ ቤት ጭስ መውጫና የተሻሻለ ምድጃ የሕክምናው አካል ተደርገው ሊነገሯት ይገባል።

በሌላ በኩል በቤት ውስጥ በትንሽ ወጪ የሚደረግ ነገር አለ፤ ከቀዶ ሕክምናም በፊት ሊሞከር የሚገባው እርሱ ነው። ለግማሽ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ አፍንጫን ጎንበስ ብሎ ማጠብ ነው። ውሃውን ማፍላት ግዴታ ነው፤ ባልፈላ ውሃ አልፎ አልፎ የሚገኝ አሜባ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ገብቶ ይገድላልና። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ለ3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ይህ ከስቴሮይድ መንፊያ ጋር ለሳምንታት በትክክል ከተሠራ ቀዶ ሕክምና የማያስፈልጋቸው ጥቂት አይደሉም። «ስቴሮይድ» የሚለው ስም የሚያስፈራቸው ሰዎች በክኒን የሚዋጠውና በአፍንጫ የሚነፋው ወደ ደም በሚገባው መጠን እጅግ እንደሚለያዩ ቢያውቁ መልካም ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ትነት ለጊዜው ይከፍታል፤ ዋና አደጋው በፈላ ውሃ መቃጠል ነው። በአፍንጫ የሚሳቡ የቅጠልና የሥር ዱቄቶች ግን የቆሰለውን ልባስ ስለሚያቃጥሉ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ይበልጣል፤ ብዙ የሚያስነጥሱትና ንፍጥ የሚያወርዱት ስላጸዱ ሳይሆን ስላቆሰሉ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጡት የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታዎችም ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰዱ ራሳቸው አፍንጫን ያፍናሉ። ታማሚው ያለ ጠብታው መተኛት ሲያቅተው በሽታው የባሰ ይመስለዋል።

መዘግየት የማይገባው

በሠለጠነ እጅ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ደህና ነው። በእንግሊዙ ጥናት ከባድ ጉዳት የደረሰው በ0.4 በመቶ ሕሙማን ላይ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ጉዳቱ ትንሽ አይደለም፦ ሳይነስን ከዓይን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ከላይ ያለውም ከአንጎል ይለያል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲቲ ስካን የሚታዘዘው ሐኪሙ ይህን ካርታ ይዞ እንዲገባ ነው፤ ወጪ ለመቀነስ የሚዘለል ነገር አይደለም።

በአንድ ወገን ብቻ የሚታፈን፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚደማ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚያወጣ አፍንጫ ግን ከተራው ሳይነስ ተለይቶ መታየት አለበት። አንዳንዴ ምንጩ የበሰበሰ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ስለሆነ ጥርሱ ካልታከመ ሳይነሱ አይድንም። አንዳንዴ ዕጢ ነው። አንዳንዴም በጎረቤት ሱዳን ለአሥርተ ዓመታት በሐኪሞች ሲገለጽ የኖረው፣ ቀስ ብሎ አጥንት እየገፋ ወደ ዓይን የሚሄደው የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዓይን ወደ ውጭ መገፋት፣ የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ እይታ መደብዘዝ፣ ፊት መደንዘዝ፣ ወይም ትኩሳት ያለበት ከባድ ራስ ምታት ከታየ የወረፋ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ከዚህ ውጭ ያለው ታማሚ ለመወሰን ጊዜ አለው፤ ጊዜው ግን ማለቂያ የሌለው አይደለም። የብሪታንያ መረጃዎች እንደሚያሳዩት ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ያገኙ ሰዎች ከ5 ዓመት በላይ ከዘገዩት ይልቅ መሻሻሉን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆይተዋል። ለሦስት ወር ያህል አፍንጫውን በትክክል አጥቦ፣ መንፊያውን ሳያቋርጥ ተጠቅሞ፣ አሁንም ሌሊቱን የሚገላበጥ ሰው ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ሲሄድ ከምስሉ ጋር ሌላ ነገር ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል፦ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ስንት ቀን ከሥራ እንደቀረ፣ ቡናው ይሸተው እንደሆነ በወረቀት ጽፎ። ያው ወረቀት ከቀዶ ሕክምናው 3 ወር በኋላ እንደገና ሲሞላ ሐኪሙም ታማሚውም የሚያነጻጽሩት ነገር ይኖራቸዋል።